የተሰበረ ድምፅ ያልጣለው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ያንገዳገደው የሬዲዮ ፕሮግራም

የአሜሪካዊቷን የሬዲዮ አቅራቢ የዳያን ሬምን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሬዲዮኑ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። መሃል ላይ ይያዛል። አንዱ ቃል ተጀምሮ እስኪያልቅ አድማጩ አብሮ ይጨነቃል። ሴትየዋ ታመው ይሆን? ወይስ በጣም አርጅተው ነው? እንዲህ እየተንቀጠቀጠ ነው እንግዲህ ይህ ድምፅ በመላው አሜሪካ በየሳምንቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ አድማጭ የነበረው።

ይህ የጉዳይ ጥናት ስለ «ዳያን ሬም ሾው» ነው። ደራሲዎችን፣ ሐኪሞችን፣ የታሪክና የሕግ ምሁራንን፣ ፖለቲከኞችን እየጋበዘ ለአሥርተ ዓመታት የዘለቀ የሬዲዮ ቶክ ሾው ነው። ታሪኩን ሙሉ ለሙሉ ለመተረክ አልተነሳሁም። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። ለሬዲዮ ሰው ድምፅ ሁሉ ነገሩ ነው ይባላል። እዚህ ግን ድምፁ ተሰብሮ ፕሮግራሙ አደገ። ስሙን ክፉኛ ያስነሳው ደግሞ በደህና ድምፅም ቢነገር ያው የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ለምን? ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከበጎ ፈቃደኛ ወንበር

ሬም የተወለዱት በ1936 በዋሽንግተን ዲሲ ነው። ወላጆቻቸው ዓረብ ስደተኞች ነበሩ። ኮሌጅ አልገቡም። በጸሐፊነት ሠሩ። በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ጆን ሬም ከሚባሉ የሕግ ባለሙያ ጋር ተዋወቁና በ1959 ተጋቡ። ከዚያ ቤት ውለው ልጆች አሳደጉ።

በ1973 ደብሊዩኤኤምዩ ወደሚባለው ጣቢያ በበጎ ፈቃደኝነት ሄዱ። የጣቢያው ባለቤት «አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ» የሚባለው ተቋም ነው፤ የሕዝብ ሬዲዮ ስለሆነ ከገቢው ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው ከአድማጭ መዋጮና ከድጋፍ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሆነው ነገር በጣቢያው ሰዎች ዘንድ እንደ ተረት ይወራል። የቤት እመቤቶች ፕሮግራም አቅራቢዋ ታማ ቀረች። የጣቢያው ኃላፊ አዲሷን በጎ ፈቃደኛ ይዘው ስቱዲዮ ገቡ። እንግዳው የወተት ምርቶችን የሚያስተዋውቅ ምክር ቤት ተወካይ ነበር። ስለ ወተት ለ90 ደቂቃ ተጠየቀ።

እኔ ይህችን ታሪክ የምወዳት በዕድል ምክንያት አይደለም። ስለ ወተት ለ90 ደቂቃ መጠየቅ የሚችል ሰው ስለምንም ነገር መጠየቅ ይችላል።

በ1979 «ካላይዶስኮፕ» የሚባለውን የጠዋት ፕሮግራም ተረከቡ። በ1984 ስሙ «ዳያን ሬም ሾው» ሆነ። በ1995 ኤንፒአር የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕዝብ ሬዲዮ ድርጅት ለመላው አገሪቱ ማከፋፈል ጀመረ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኋላ ጣጣ ታመጣለች። ፕሮግራሙን የሚሠራው ደብሊዩኤኤምዩ ነበር። ሬምም የዚያው ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። ኤንፒአር አከፋፋይ ብቻ ነበር። አድማጩ ግን ይህን ከየት ያውቃል? ለእሱ ሁሉም ኤንፒአር ነው።

አንድ ሰዓት እንዴት ይሞላ ነበር

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በዋሽንግተን ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት። መጀመሪያ ዜና ይነበባል። ከሰዓቱ 6 ደቂቃ ያህል ሲያልፍ የሬም ድምፅ ይመጣል። ስለተቀላቀላችሁን እናመሰግናለን፣ ዳያን ሬም ነኝ ይላሉ። የዕለቱን ርዕስ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ያስተዋውቃሉ። እንግዶቹን በየስማቸው ሰላም ይላሉ። ከዚያ ጥያቄ።

ሁለቱ ሰዓታት አንድ አይነት አልነበሩም። የመጀመሪያው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የወቅቱ ጉዳይ ነው፤ ሦስት አራት ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። በሁለተኛው ሰዓት ደራሲ ወይም ሳይንቲስት ወይም ተዋናይ ይመጣል። ዓርብ የሳምንቱ ዜና ይተነተናል፤ አንደኛው ሰዓት ለአገር ውስጡ፣ ሁለተኛው ለውጭው። በወር አንዴ ደግሞ አንድ መጽሐፍ ተመርጦ አንባቢዎች ይወያዩበታል።

ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ስልኩ ይከፈታል። አቅራቢዋ የደዋዩን ስምና ከተማ ይጠሩና አየር ላይ ነዎት ይላሉ። ደዋዩ እንዲሁ አይገባም። አስቀድሞ ስልኩን የሚያነሳ ባልደረባ አለ። ምን ሊጠይቅ እንደሆነ ያጣራል፤ ስክሪን ላይ ይጽፋል። አቅራቢዋ ከተደረደሩት መርጠው ያስገባሉ። የኢሜይል፣ የትዊተርና የፌስቡክ መልእክትም በዚያው በኩል ይመጣል። ደዋይ ይጣራል ብለናል። ፌስቡክ ላይ የተጻፈውስ? ወደዚህ እመለሳለሁ።

የደራሲው ሰዓት የፕሮግራሙ ጌጥ ነበር። ሬም መጽሐፉን አንብበው እንደሚገቡ ይታወቃል። ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። አይደለም። መጽሐፉን ለማስተዋወቅ ከተማ ለከተማ የሚዞር ደራሲ በየጣቢያው የሚገጥመው ጠያቂ አብዛኛውን ጊዜ የጀርባ ሽፋኑን ብቻ ያየ ነው። ለዚያ ዓይነቱ ጠያቂ ደራሲው የተዘጋጀች የአምስት ደቂቃ ንግግር አለችው። ጠያቂው አንብቦ ከመጣ ግን ያቺ ንግግር አትሠራም። ደራሲው ማሰብ ይጀምራል። አድማጩ ሬዲዮ ሳያጠፋ መኪናው ውስጥ የሚቀረው ለዚያች ቅጽበት ነው።

ባለሙያም ያው ነው። ምሁርን ማናገር የሚከብደው እውቀቱ ስለሚበዛ አይደለም። ምሁሩ ለሙያ ባልደረቦቹ ማውራት ስለለመደ ነው። ሬም ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ማስመሰልም አያስፈልጋቸውም ነበር። «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቁ የእውነት ነው። እኔ ኮሌጅ አለመግባታቸው እንደ ጉድለት አይታየኝም፤ ለዚህ ሥራ ሳይጠቅማቸው አልቀረም።

ድምፁ

ችግሩ የጀመረው በ1990ዎቹ ውስጥ ነው። ድምፃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቃል እየተናነቃቸው መጣ። በ1998 በሽታው ታወቀ። ስፓዝሞዲክ ዲስፎኒያ ይባላል። የነርቭ ችግር ነው። ጉሮሮ ላይ ቁስል የለም፤ ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ስለሚዛባ የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ሳይፈለግ ይኮማተራሉ። ሰውየው መናገር ሲፈልግ አውታሮቹ ይጨመደዳሉ። ድምፅ ታንቆ ይወጣል።

ፈውስ የለውም። ያለው ማስታገሻ ቦቶክስ ነው። አዎ፣ ያው የፊት መሸብሸብን ለማጥፋት የሚወጉት። በጥቂቱ ወደ ድምፅ አውታሩ ጡንቻ ይወጋል፤ ጡንቻው ይላላል። ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ሹክሹክታ ይሆናል። ከዚያ ይሻሻላል። ከወራት በኋላ መድኃኒቱ ኃይሉን ሲጨርስ እንደገና መርፌ። በየቀኑ ሁለት ሰዓት በቀጥታ ስርጭት የሚናገር ሰው ይህን ዑደት ይዞ እንዴት ይሠራል?

ሬም በ1998 ለወራት ከሥራ ርቀው ሲመለሱ ያደረጉት ነገር ለዚህ ጥናት ቁልፍ ነው። አልደበቁም። የበሽታውን ስም ጠርተው ለአድማጭ ነገሩ። በቀጣዩ ዓመት ባወጡት የሕይወት ታሪክ መጽሐፍም ጻፉት። አድማጩ ከዚያ በኋላ «ምን ሆነው ነው?» ብሎ አይጨነቅም። ያውቃል። ያወቀውን ነገር ጆሮ ቶሎ ይለምዳል።

ጣቢያውም በሌላ አልተካቸውም። ይህ በንግድ ሬዲዮ የሚሆን አይመስለኝም። እዚያ ድምፅ ሸቀጥ ነው። በአድማጭ መዋጮ የሚኖር ጣቢያ ግን የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው። አዋጪው በመዋጮ ሳምንት ገንዘቡን የሚልከው ለሚያምነው ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን እዩ። በ2000 ቢል ክሊንተንን በነጩ ቤተ መንግሥት ኦቫል ኦፊስ ውስጥ ቃለ መጠይቅ አደረጉ፤ በሥልጣን ላይ ያለን ፕሬዝዳንት እዚያ ክፍል ውስጥ ያነጋገሩ የመጀመሪያዋ የሬዲዮ ቶክ ሾው አቅራቢ ሆኑ። በ2010 ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ሥራ የሚሰጠውን የፒቦዲ ሽልማት አገኙ። በ2014 ፕሬዝዳንት ኦባማ የብሔራዊ ሂዩማኒቲስ ሜዳልያ አጠለቁላቸው። ፕሮግራሙ ወደ 200 የሚጠጉ ጣቢያዎች ላይ ይተላለፍ ነበር። ክብሩ ሁሉ የመጣው ድምፁ ከተሰበረ በኋላ ነው።

እንደኔ ግምት ዝግታውም የራሱን ሥራ ሠርቷል። አቅራቢው ሲፈጥን እንግዳው ይፈጥናል። አቅራቢዋ በአንድ ቃልና በሌላው መሃል ፋታ ሲወስዱ ግን እንግዳውም ቃሉን መምረጥ ይጀምራል። ተንታኞች እርስ በርስ በሚጯጯሁበት ዘመን፣ መጮህ የማይችሉ አቅራቢ የሚመሩት ጠረጴዛ የተለየ ነበር። እሳቸው ይህን ዝግታ መርጠው አላመጡትም። ውጤቱ ግን አለ።

የ2015 ሁለት ጣጣዎች

ጆን ሬም የፓርኪንሰን በሽተኛ ነበሩ። በ2014 ሕመሙ ሲጠናባቸው ሐኪማቸው ሕይወታቸውን ለመጨረስ እንዲረዳቸው ጠየቁ። በሚኖሩበት በሜሪላንድ ሕጉ ስለማይፈቅድ ሐኪሙ አልችልም አለ። ጆን ምግብ፣ ውሃና መድኃኒት አቆሙ። ከቀናት በኋላ በዚያው ዓመት ጁን ውስጥ አረፉ። ሚስት ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው አዩ።

ሬም ዝም አላሉም። ሊሞት የቀረበ ሰው የሐኪም እርዳታ የማግኘት መብት ይኑረው ብለው በአደባባይ መናገር ጀመሩ። ለዚሁ መብት ከሚሟገተው «ኮምፓሽን ኤንድ ቾይስስ» ከሚባል ድርጅት ጋርም ቀረቡ። በድርጅቱ የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ግብዣዎች ላይ ይገኙ ነበር። በፌብሩዋሪ 2015 ዋሽንግተን ፖስት ይህን ጻፈ። ጥያቄ ተነሳ። የኤንፒአር እንባ ጠባቂም ጉዳዩን አነሱት። ጋዜጠኛ ለአንድ ወገን ገንዘብ በሚሰበሰብበት ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራል?

ያቺ የሠራተኝነት ጉዳይ የመጣችው እዚህ ጋ ነው። ሬም የኤንፒአር ሠራተኛ አይደሉም። የኤንፒአር ስም ግን ፕሮግራሙ ላይ አለ። በመጨረሻ ስምምነት ተደረገ። ቃል በገቡባቸው ሁለት እራቶች ላይ ይገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ይበቃል።

ብዙ ሰው በሬም አዘነ። እኔም ሐዘናቸውን መናገራቸው ላይ ምንም አይከፋኝም። ባሏ እንዴት እንደሞተ የምትናገር ሴት አድማጯን አላታለለችም። እራቱ ግን ሌላ ነገር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስለዚሁ ሕግ ደጋፊና ተቃዋሚ እንግዳ ይዘው ቢቀርቡ፣ ተቃዋሚው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ማን ፊት ነው የተቀመጠው? ጠያቂ ፊት ወይስ ተከራካሪ ፊት?

ይህ ሳይበርድ ሁለተኛው መጣ።

ጁን 10 ቀን 2015 እንግዳው ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ነበሩ። ለፕሬዝዳንትነት እንደሚወዳደሩ ካሳወቁ ስድስት ሳምንት አልሞላም። በጨዋታው መሃል ሬም የእስራኤል ጥምር ዜግነት እንዳላቸው ነገሯቸው። አልጠየቋቸውም። ነገሯቸው። ዓረፍተ ነገሩ በጥያቄ ምልክት ሳይሆን በአራት ነጥብ ነው ያለቀው።

ሳንደርስ የለኝም አሉ። አሜሪካዊ ነኝ፣ ጥያቄው ከየት እንደመጣም አላውቅም አሉ። እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ሬም ግን ስምዎ ያለበት ዝርዝር ደርሶናል ብለው ቀጠሉ። ሳንደርስ ደግመው አስተባበሉ። ከምክር ቤት አባላት መሃል እንዲህ ያለ ዜግነት ያለው ሰው አለ ወይስ ይህም ተረት ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ አባታቸው በ17 ዓመታቸው ባዶ ኪስ ከፖላንድ እንደመጡና ይህን አገር ይወዱ እንደነበር ተናገሩ። ንግግሩ ትንሽ እንዳስከፋቸውም አልደበቁም።

ለምን እንዳስከፋቸው ግልጽ ነው። ሳንደርስ አይሁዳዊ ናቸው። «አይሁዳዊ ስለሆነ ታማኝነቱ ለሌላ አገር ነው» የሚለው ክስ የቆየ ስም ማጥፊያ ነው። ያ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ሲዞር የኖረውም ይህንኑ ክስ ተሸክሞ ነው።

ምንጩስ? አንድ የፌስቡክ አስተያየት። በስልክ የሚገባ ደዋይ ስሙና ጥያቄው ሳይጣራ አየር ላይ አይወጣም። የፌስቡኩ አስተያየት ግን ማጣሪያውን ዘልሎ፣ ያውም በደዋይ አፍ ሳይሆን በአቅራቢዋ አፍ ወጣ። የአድማጭ ጥያቄ ቢባል ኖሮ አድማጩ ግምቱን ራሱ ይወስድ ነበር። ሬም ሲሉት ግን የ30 እና የ40 ዓመት እምነት አብሮት ሄደ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እዚህ ግን አፍ አላመለጠም። ሬም ተቀጣጥሎ የሚናገር ሰው አይደሉም፤ ቃል ለማውጣት የሚለፉ ሰው ናቸው። ነገሩ የዝግጅት እንጂ የምላስ ስህተት አልነበረም። የፕሮግራሙ ጥንካሬ አቅራቢዋ አንብበው መግባታቸው ነው ብለናል። ያን ዕለትም አንብበው ነው የገቡት። ያነበቡት ነገር ነው የተበላሸው።

ብዙዎች «በጥያቄ መልክ ቢያቀርቡት ኖሮ ችግር አልነበረውም» ብለዋል። ሬም ራሳቸው ይቅርታ ሲጠይቁ ያሉት ይህንኑ ነው፤ መጠየቅ ሲገባኝ እንደ እውነት ተናገርኩት፣ ያ ስህተት ነው አሉ። እኔ በግማሹ ብቻ ነው የምስማማው። መሠረት የሌለው ወሬ በጥያቄ ምልክት ቢጠቀለልም ለሚሊዮኖች መድረሱ አይቀርም። ከጥያቄው በፊት አንድ ስልክ ነበር የሚያስፈልገው። ወደ ሴናተሩ ቢሮ ይደወላል፤ እውነት ነው? ይባላል፤ አይደለም ይባላል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ይቅርታውን ግን አልንቀውም። ፈጥኖ መጣ። «ቅር ያለው ካለ» በሚል አልተሸፋፈነም። ሴናተሩንም አድማጩንም ይቅርታ ጠየቁ፤ የተሳሳተ መሆኑን በግልጽ አሉ። የማይጥመኝ ማሳረጊያው ነው። ይህ ወሬ እንዲያበቃ አስተዋጽኦ በማድረጌ ደስ ብሎኛል አሉ። ወሬውን ሰምቶት የማያውቀው ስንት ሰው በዚያን ዕለት እንደሰማው ማሰብ ነበረባቸው።

ሁለቱን ጣጣዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው በይዘት አይገናኙም። አንዱ ስለ ሞት ነው፤ ሌላው ስለ ዜግነት። በአንዱ ሬም በሚገባ የሚያውቁትን ጉዳይ ይዘው ነበር፤ በሌላው የማያውቁትን። በሁለቱም ግን የጠያቂነት ወንበራቸውን ለቀው ነበር። በእራቱ ላይ የለቀቁት ዓይናቸው እያየ፣ በፍቅርና በሐዘን ነው። በሳንደርስ ጊዜ የለቀቁት ሳያስተውሉ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አድማጩ የተንቀጠቀጠውን ድምፅ ሲቀበል የተቀበለው መልስ የሚፈልግ ሰው ድምፅ ስለሆነ ነው። መልሱን ይዞ ሲመጣ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ከወንበሩ መነሳት

በ2015 መጨረሻ ሬም ከ2016ቱ ምርጫ በኋላ ፕሮግራሙን እንደሚያቆሙ አስታወቁ። ለሞት መብት በነፃነት መናገር እንደሚፈልጉም አልሸሸጉም። በዚህ ውሳኔ አከብራቸዋለሁ። ሁለቱን አብሮ መያዝ እንደማይቻል ከእራቱ ጣጣ ተረድተው ከሆነ፣ መፍትሔውን ራሳቸው ሰጡት ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለቱንም ይዞ «አድልዎ የለኝም» እያለ ሊቀጥል ይችል ነበር።

የመጨረሻው ስርጭት ዲሴምበር 23 ቀን 2016 ነበር። ጃንዋሪ 2 ቀን 2017 በዚያው ሰዓት «ዋን ኤ» የሚባል አዲስ ፕሮግራም በጆሹዋ ጆንሰን አቅራቢነት ተጀመረ። ስሙ የተወሰደው የመናገር ነፃነትን ከሚያረጋግጠው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ነው። ጣቢያው ወንበሩን ለሌላ ሰው ሲሰጥ የአቅራቢውን ስም የፕሮግራሙ ስም አላደረገውም። ይህ ብልህነት ይመስለኛል። ጆንሰን በ2019 መጨረሻ ሲሄድና በ2020 ጄን ዋይት ስትተካው የፕሮግራሙ ስም መቀየር አላስፈለገውም።

ሬም በፖድካስት ቀጠሉ። በ2020 ደግሞ ስለዚያው ስለ ሞት መብት መጽሐፍ አወጡ። መጽሐፉ ክርክር አይደለም፤ ቃለ መጠይቅ ነው። ሐኪሞችን፣ ሕመምተኞችን፣ ቤተሰቦችን ያነጋግራሉ። ሕጉን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰዎችም አሉበት፤ እነሱንም ቁጭ ብለው ጠይቀዋቸዋል። በዚህ ጊዜ ግን ጠያቂዋ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ተጠያቂውም አንባቢውም አስቀድሞ ያውቃል።